ፀሐይ የጠለቀችበት አደራ

አምስት ዓመት ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ እሑድ ማምሻ ላይ፣ የሰው አደራ ግድግዳችን ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየሁ እሪ አላልኩም። አደራውን ከሚስማሩ አውርጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ባሌ መልካሙ ስላየ ብቻ ያውቅ ነበር፤ እሱም ሞተ። ለንስሐ አባቴ ጾም ስለ መሻሬና ሰው ስለ ማማቴ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልተናገርኩም።

እታለም እባላለሁ። ከመልካሙ ጋር ስኖር ቤታችን ከቡሬ በላይ፣ ተራራው አናት ላይ ወዳለው እሜቴ ባሕር በሚያወጣው መንገድ ላይ የመጨረሻው ቤት ነበር። ዛሬ የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት ልጄ እንዳለው ትምህርት ቤት ሲገባ ከመጽሐፉ ጎን እየተቀመጥኩ ነው። እጄን ስለማላምነው አንድ ጊዜ ለራሴ ጽፌ፣ አርሜ፣ ሌላውን ለሰው እልካለሁ። የኔ ደብዳቤዎች እዚህ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ከአደራው ባለቤት እኅት ከሠርክአዲስ የመጡትን እንዳሉ አኑሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያዋን ብቻ ፈርቼ እንዳነበብኳት ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት።

*

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሠርክአዲስ፣ ደብረ ብርሃን

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንደምን ናቸው? እኔ ጉልበቴ ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። የላክሽው በተራራው ቤት ስም ስለሆነ፣ ልጄ ለገበያ እስኪወርድ እዚያው ከርሟል። ለመልሱ መዘግየት ይቅር በይኝ። ስልክ ቁጥርሽን ጽፈሽልኛል፤ ነገር ግን ስልክ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ቃል ይጠፋኛል። ብጽፍልሽ ይሻላል።

ስለ አደራው የሰማሽው እውነት ነው። ወደ ባሕሩ የሚወጣ ሰው በመጨረሻው ቤት አንድ ነገር ትቶ ያልፋል። ነጠላም ይሁን ቆብ፣ የያዘውን። የቤቱ ሴት ከደጅ ግድግዳ ላይ ትሰቅልለታለች። ሲመለስ አደራውን ይወስዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል። ፀሐይ ጠልቃ ግድግዳው ላይ የቀረ ነገር ካለ፣ ሴትየዋ ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ እሪ ትላለች። የሰማ ወንድ ሁሉ ዱላና ችቦ ይዞ ይወጣል። አማቴም፣ የአማቴ አማትም እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሹመት አይደለም፤ ከአንቺ በላይ ቤት ስለሌለ ብቻ በአንቺ ላይ የሚወድቅ ነገር ነው።

ወንድምሽ በኛ በኩል አልፎ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ልጄ፣ ብዙ ሰው ያልፋል። ከከተማ የሚመጣው ልብሱም፣ ጫማውም፣ ሳቁም አንድ ዓይነት ነው። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ወደ ግሽ ዓባይ የሚያወርድ ሌላ መንገድ አለ፤ በዚያ የሚመጣ በዚያ ይመለሳል። አምስት ዓመትም ብዙ ነው። ልልሽ የምችለው ይህን ነው።

እናትሽ ግን ምን ብለው ተቀመጡ? ለቅሶ ተቀምጠዋል ወይ? መጠየቄ እንዳያስቀይምሽ።

እታለም

*

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ እታለም

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በትሕትና ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ከጻፍኩላቸው ሰዎች ብዙዎቹ አልመለሱልኝም፣ የመለሱልኝም አስቀድመው ብር ነው የጠየቁኝ።

እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጥቁር ልብስ እቤታችን እንዳይገባ ከልክላለች። በየወሩ በቂርቆስ ቀን ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ከቄስ ገብረሰንበት ጋር ትሟገታለች። አብሬያት ስለምቆም ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«እሜቴ፣ አምስት ዓመት ሆነ እኮ። ፍትሐት እናድርግለት፣ ነፍሱ ትረፍ።»

«አባቴ፣ ሬሳውን አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ። አንድ ስም ቢጨምሩ አይደክሙም!»

ሰዉ ከኋላ ይስቃል። እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፤ ከዚያ እቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ዘንድሮ ልቧ ታሟል፤ ደረጃ መውጣት አትችልም። ባለፈው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «ሬሳው ባይገኝ ልብሱ እንኳ ይምጣልኝ፤ ልብሱን ይዤ አለቅስለታለሁ» አለችኝ። እማማ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሌላ አይደለም። እናቴ ልጇን ሳትቀብር እንዳትሞት ነው።

ወንድሜ ቂርቆስ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ልንገርዎ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገረኛ ቀልደኛ ነበር። ቡሬ አንድ ባንክ ተመድቦ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እሑድ እሑድ ተራራ ይወጣል፤ ሃይኪንግ ይለዋል። እናቴ «በሬ የጠፋበት ይመስል ተራራ ለተራራ ምን ያዞርሃል?» ትለው ነበር። «በሬውማ እኔ ነኝ፤ ራሴን ፍለጋ ነው» ይላታል። የዚያን እሑድ አብረውት ሊሄዱ የነበሩት ጓደኞቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ቀሩ። እሱ ብቻውን ሄደ።

ፖሊስ የሰጠን ወረቀት «የአካባቢው ነዋሪ ተጠይቆ በቡሬ በኩል ያለፈ የለም» ይላል። ስለዚህ በግሽ ዓባይ በኩል ብቻ ፈለጉት።

ባሕሩ ከእርስዎ ቤት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል? እኔ መውጣት እችል ይሆን? እርስዎስ ባሕሩን አይተውታል?

ሠርክአዲስ

*

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሠርክአዲስ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። የእናትሽ ልብ እንደምን ሆነ? መልሴ ስለዘገየ አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

እኔ ባሕሩን አላየሁትም። የመጨረሻው ቤት ሴት ወደ ላይ አትወጣም፤ እሷ ከወጣች ግድግዳውን ማን ይጠብቃል? ሠላሳ ዓመት ከሥሩ ኖሬ ውሃውን ያየሁት በሚወርዱት ሰዎች አፍ ነው። አንዱ ሰማያዊ ነው ይላል፣ ሌላው ጥቁር ነው ይላል። ዳር ዳሩ ላይ ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ሰው መስሎ ቆሟል ይላሉ፤ ጉም ሲመጣ ጅብራውን ሰው መስሎት የሚጣራ አለ አሉ።

በጠዋት የተነሣ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል። ከቤታችን በላይ ትንሽ የገብስ ማሳ አለ፤ ከዚያ አስታው ይጀምራል፤ እንጨቱ አጭር ነው፣ እግር ይይዛል። አስታው ሲያልቅ የጓሳ ሣር ብቻ ነው። በጓሳው መካከል አንገት የሚመስል ዝቅ ያለ በር አለ፤ ንፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። ያን ካለፉ ባሕሩ ከእግር ሥር ነው። ችግሩ ከታች ፀሐይ ሆኖ ከላይ ሌላ መሆኑ ነው። ሰው ሞቆት ይነሣል፤ በሩ ላይ ሲደርስ በረዶ ይቀበለዋል። ያለ አንገት ልብስ ወደዚያ መውጣት ምን እንደሚያመጣ ከወንድምሽ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አትውጪ። እናትሽን ጠብቂ።

አሁን በቤቱ ያሉት ልጄ እንዳለውና ሚስቱ ያምሮት ናቸው። ዛሬ የሚመጣው በመኪና ተጭኖ፣ በቡድን ነው። አደራውን እየሰቀሉ ፎቶ ይነሣሉ። አብዛኛው በወዲያ ወርዶ በዚያው ይቀራል፤ ያምሮት ባለቤት ያጣ ቆብና መነጽር በቅርጫት አላት። «እማዬ፣ በየሳምንቱ እሪ ልበል?» ትለኛለች።

እኔንም አንድ ጊዜ አግኝቶኛል፤ ላጫውትሽ። ጥር ላይ ነበር፣ ሰው ሁሉ እህሉን አውድማ ላይ አድርጎ። አንድ የከተማ ሰው ቆቡን ትቶ ወጣ፤ መሸ፤ አልመጣም። እሪ አልኩ። አገር ተነሣ፤ ወንዱ አውድማውን ጥሎ ወጥቶ ሲፈልግ አደረ። ሰውየው ለካ በግሽ ዓባይ ወርዶ ተኝቷል። ሲነጋ የተከመረውን ከብት ገብቶበት አገኙት። መልካሙን ሽማግሌ ፊት አቆሙት። ጎረቤታችን ሸጋዬ ደግሞ ዘፈን አወጣችልኝ፤ ውሃ ስቀዳም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስም፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፦

እሪ ትላለች አሉ የመልካሙ ሚስት፣
ቆብ ሞቶባት ኖሯል ደርሰን ስናያት።

ዛሬ ሳስበው ያስቃል። ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

እታለም

*

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእማማ እታለም

እናቴ ሆስፒታል ገብታ ወጣች። ሐኪሙ «አታስጨንቋት» አለን። እንዴት እንደማናስጨንቃት አልነገረንም።

ስለ አንገት ልብሱ ማን ነገረዎት?

በጻፍኩልዎ ደብዳቤ ስለ አንገት ልብስ አንድ ቃል የለም። አውቃለሁ፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ብር ፈልገው «አየነው» የሚሉ ሰዎች ስለበዙብኝ፣ አንድ ነገር ለራሴ አስቀራለሁ፤ ያየ ሰው ካለ በሱ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። የቂርቆስን የአንገት ልብስ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ክሩ አልቆብኝ አንዱን ጫፍ በቀይ ጨረስኩት። ጠዋት ሲወጣ አድርጎት እንደ ነበር አከራዩ ነግረውናል። ታዲያ ያለ አንገት ልብስ ወደ ላይ እንደወጣ ማን ነገረዎት? ከአከራዩ ቤት እስከ ተራራው ድረስ አደራ የሚተውበት ቤት የእርስዎ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቆቡ የጻፉልኝን ሳነብ መጀመሪያ ስቄ ነበር።

እማማ፣ እናት ነዎት። አልከስዎትም፣ ሰው አልልክብዎትም። ያለውን ይንገሩኝ።

ሠርክአዲስ

*

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠርክአዲስ

ሰላምታ የማቀርብበት ፊት የለኝም። ስለ እናትሽ ግን አሁንም እጠይቃለሁ፤ እንደምን ናቸው?

ወንድምሽ የመጣው ፀሐይዋ ገና ሣሩን ሳታደርቅ ነበር። ከደጅ ሆኖ «እንደምን አደራችሁ! የተራራው ጉምሩክ እናንተ ናችሁ?» አለ።

«ነን። ምን ታስቀርጣለህ?» አልኩት።

ኪሱን ፈተሸ። ቆብ አልነበረውም። የአንገቱን ልብስ ፈታው። «ይችን ልተው። ግን አደራ፣ እኅቴ ናት የሠራቻት፤ ብትጠፋ ትገድለኛለች።»

«ለብርዱ አትሻውም?»

«እንዲህ ባለ ፀሐይ? ይልቅ ውሃ አስቀምጡልኝ፤ ስመለስ አንድ ጋን እጠጣለሁ።»

ውሃውን በጣሳ አስቀመጥኩለት።

ከቀትር በኋላ፣ ከላይ በተራራው በር ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር፣ ባቄላ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያፈሱት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልካሙ ገባ።

«አንድ አደራ አለ» አልኩት።

«የማን?»

«የአንድ የከተማ ልጅ።»

«በግሽ ዓባይ ወርዷል። ያን በረዶ እያየ በዚህ የሚመለስ ሞኝ አለ?»

«አንድ ጊዜ ብጮህስ?»

«ጩኺ! ሸጋዬም ስንኝ አልቆባታል፣ ትጨምርበት።»

ጉብታው ላይ ወጣሁ። እስከዚያ ድረስ ወጥቻለሁ ሠርክአዲስ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ከታች ከሸጋዬ ቤት ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። በኔ አልነበረም የሚስቁት፤ በራሳቸው ጨዋታ ነበር። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ወረድኩ። የአንገት ልብሱን አወረድኩ። ውሃውን ደፋሁት። ያጠፋሁት ይህን ነው። ሰው የገደለ ቢያንስ ጠላት ነበረው፤ እኔ ግን እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው።

ፖሊሶች ሲመጡ «በዚህ በኩል ሰው አልፏል?» አሉ። አልፏል ብል «ለምን እሪ አላልሽም?» ይሉኛል። «አላለፈም» አልኩ። መልካሙ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። በወረቀትሽ ላይ «የአካባቢው ነዋሪ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

መልካሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጃ ጠፋብኝ እያለ ይወጣ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ወንድምሽን ሞቶ አገኘው። ከበሩ በታች በኛ በኩል፣ አስታው ውስጥ፣ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ወደ ታች ሊመጣ ሲል ነው። ወደ ባሕሩ ተሸክሞት ወጣ፤ ከታች ብቀብረው ሰው ያየኛል ብሎ። ውሃው ከባሕሩ ከሚወጣበት በስተቀኝ፣ ትልቁ ጅብራ ሥር ቀበረው፣ ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጎ፤ ሦስት ድንጋይ አኖረበት። አቡነ ዘበሰማያት ደገመለት፤ ሌላ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ወደ ተራራው ቀና ብሎ አላየም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ።

የአንገት ልብሱ ከዚህ ጋር ነው። የልጄ ጓደኛ ሾፌር ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ይመጣል። ብል እንዳይበላው በየመስከረሙ አጥቤ አሰጣው ነበር። ለእንዳለው ይህን ስነግረው «እማዬ፣ አባዬን ከመቃብር አውጥተሽ ልታስወቅሺው ነው?» ብሎኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ጽፌ ነበር፤ ቅጂው ላይ ሰረዝኩት።

እታለም

*

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

እታለም፣

የአንገት ልብሱ ደርሶናል። ለፋሲካ ሳምንት ነው የደረሰው። በዓሉ እስኪያልፍ ደብቄው ነበር፤ ካንቺ የተማርኩት መሆን አለበት።

ከዚያ ቄስ ገብረሰንበትን ጠራሁ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ ጥቁር ልብስ በመስኮት አስገባሁ። እናቴን አስቀምጠን ጉልበቷ ላይ አኖርነው። ቀዩን ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው። አወቀችው። ሁላችን ለመጮኽ ተዘጋጅተን ቆመናል። እሷ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ አሸተተችው፤ ወደ ብርሃን ይዛ ገለበጠችው።

«ይህ የታጠበ ነው» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ቂርቆስ በዕድሜው ልብስ አጥቦ ያውቃል? እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ የማን ነው?» ፊቷ በራ። አምስት ዓመት እንዲህ በርቶ አላየሁትም። «ልጄን የምታጥብለት ሴት አግኝቷል! እዚያው አግብቶ ነው የቀረው፣ ይህ ከሃዲ። በሉ፣ ምን ታለቅሳላችሁ?»

ቄሱ ተነሥተው ወጡ። ጎረቤቱ ወጣ። አንቺ የምትዪውን ሁሉ ነገርኳት፤ በረዶውን፣ እግሩን፣ ድንጋዩን። «ማን አየ?» አለችኝ። «አንዲት ሴት ጻፈችልኝ» አልኳት። «ጻፈችልኝ! ባሏን እንዳንወስድባት ነዋ የጻፈችልሽ» አለችና ሳቀች። አሁን የአንገት ልብሱን ራሷ አድርጋው ትውላለች። ለምራቷ ቀሚስ አስገዝታኛለች። አንቺን ነው የምትለው። «ምራቴ» ትልሻለች።

ስለ ጸጸትሽ ጽፈሽልኛል። እሱን ለንስሐ አባትሽ አድርሺው፤ እኔ የማኖርበት የለኝም። ይቅርታ አለመጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ቃሌን እጠብቃለሁ፣ አልከስሽም። አንድ ነገር ግን ታደርጊያለሽ። መርዶውን አንቺ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪያታለሽ። እኔን አታምነኝም፤ ቄሱን አታምንም። ያየችው እጅ ያንቺ ነው። ሐኪሙ ክረምቱን ትከርም እንደሆን አላውቅም ብሏል። ልጇ እዚያ ባሕሩ አጠገብ አግብቶ የሚኖር መስሏት ብትሞት፣ በሰማይ የምትፈልገው የት ነው?

ሠርክአዲስ

*

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠርክአዲስ

አንቺ ብለሽኛል። ልክ ነሽ፤ እርስዎ ስትዪኝ ነው የሚከብደኝ የነበረው።

እመጣለሁ። የዘገየሁት እምቢ ብዬ አይደለም። እናትሽ «ማን አየ?» ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ያየሁት ነገር የለኝም፤ መልካሙ የነገረኝን ነው የምናገረው። ስለዚህ አስቀድሜ ወደ ባሕሩ ወጣሁ።

በቅሎ እስከ አስታው አደረሰችኝ፤ ከዚያ በላይ በእንዳለው ትከሻ ነው። ወደ ተራራው ቤት ከመጣሁ ጀምሮ አልተናገረኝም ነበር፤ ያም ሆኖ «አሮጊቷን ለብቻዋ አልለቅም» ብሎ ተነሣ። ነጠላዬን ለያምሮት ሰጠኋት። «እርስዎም አደራ ይተዋሉ እማዬ?» ብላ ሳቀች። «ስቀይው» አልኳት። ሰቀለችው።

ባሕሩን አየሁት። ሰማያዊም ጥቁርም አይደለም፤ አመድ የመሰለ ነው። ውሃው ከሚወጣበት በስተቀኝ ትልቁን ጅብራ አገኘነው፤ ደርቋል፣ ግንዱ ግን ቆሟል። ሦስቱ ድንጋዮች አሉ። ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንድ ላይ ተጠግተዋል፤ ጥላሸት ጠጥተዋል። ለሽርሽር የሚወጡት ጉልቻ አድርገዋቸው ሻይ ሲያፈሉባቸው ኖረዋል። አመዱ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀልጦ ነበር። እንዳለው ጠርሙሱን ከአመዱ አነሣው። «እኔ ነኝ ያሳየኋቸው» አለኝ። «ንፋስ የማይገባበት ደህና ቦታ ነው እያልኩ፣ ለሰዉ ሁሉ።» ድንጋዮቹን በባሕሩ ውሃ አጠብንና መለስናቸው። ከሥራቸው አፈር ቆንጥሬ በመሐረብ ቋጠርኩ። እናትሽ የታጠበ ነገር አይወዱም፤ ይህ አልታጠበም።

ስንመለስ ጉልበቴ ከዳኝ። በሩን አልፈን አስታው ውስጥ ስንደርስ፣ ወንድምሽ የተገኘበት ሥፍራ ላይ፣ መሄድ አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ጠለቀች። እንዳለው «ልዘልሽ» ይለኛል፣ እኔ «ትንሽ ቆይ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ከታች እሪታ ተነሣ።

ያምሮት ናት። ነጠላዬ ግድግዳው ላይ ስለቀረ፣ በሷ ላይ የሚሳቀውን ሁሉ ንቃ፣ ጉብታው ላይ ወጥታ ጮኸች። አንዴ አይደለም፤ እየመላለሰች።

ሠርክአዲስ፣ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት እሪታው የወንዱን ጆሮ ለመጥራት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ላይ መሰማቱን አላውቅም ነበር። አጠገብሽ ቆመው የሚጠሩሽ ያህል ነው። ከየት በኩል እንደሆነ ይታወቃል፤ በጨለማ እንኳ ድምፁን ይዞ መውረድ ይቻላል። እግሩ የተሰበረ ሰውም «መጡልኝ» ብሎ ያድራል። ወንድምሽ ግን ያልመጣለትን ድምፅ ሲያዳምጥ ነው የቀረው። ይህን ሳልጽፍልሽ ልቀር ነበር። ከእንግዲህ ግን ከአንቺ የምደብቀው ነገር አይኖርም።

ወንዶቹ ደረሱ። ሸጋዬ ሳትቀር መጥታለች። «ለአሮጊት ነው እንዴ እንዲህ የሮጥነው?» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። ከኋላቸው የደረሰችው ያምሮት «አዎ፣ ለአሮጊት ነው!» አለችው። እዚያው እንደ ተቀመጥኩ ያደረግሁትን ለሁሉም ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። ሸጋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ደኅና አደርሽ የሚለኝ የለም። እንዳለው ብቻ አውቶቡሱ ድረስ ይሸኘኛል።

ደብዳቤዎቹን በቀን በቀናቸው አድርጌ በመርፌ ሰፍቼአቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ትናንት ጨመርኩበት። የአንቺንም አልቀነስኩም፤ ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ሳነብላቸው ቢቆጡሽ ቻይው።

ቀሚሱን መልሺው።

ከደጃችሁ ስደርስ አስቀድሜ ወረቀት አላወጣም። ሰላምታም አልሰጥም። አምስት ዓመት ያለብኝ አንድ እሪታ አለ፤ እሱን በራችሁ ላይ እጮኻለሁ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። እናትሽ ወጥተው «ማናት?» ሲሉ፣ ያጠበው እጅ የኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አፈሩን እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ የሰፋሁትን ጥራዝ አነብላቸዋለሁ፤ አንብቤ ስጨርስ ጉልበታቸው ላይ አኖረዋለሁ።

እነዚህን ወረቀቶች የሚቀበሉት የቂርቆስ እናት ወይዘሮ እጅጉ ናቸው።